ከካፖርቶቹ መሃል

ኦሩሮ ላይ፣ ተራራው ሥር፣ ንፋስ ቆርቆሮ በሚልጥበት፣
አንድ ክፍል ነበረን የኪራይ፣ አልጋና ምድጃ የሚጋፉበት።
ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ዶኛ ኔሜሲያ፣ መጥረጊያዋ የሰፈር ዳኛ፣
ሁለቴ ስትመታ «በቃ» ነው፣ ሦስቴ ስትመታ «ልቀቁ» ለእኛ።

አባቴ ፎርቱናቶ፣
ቀን ከማዕድን ጉድጓድ ገብቶ፣
ማታ ከባንዱ ጋር ነፍቶ፣
ሠላሳ ካርኒቫል ቆሟል ከናስ ሳህኖቹ ፊት ለፊት፤
ከዚያ ወዲህ ግራ ጆሮው ውስጥ ትኖራለች ፌንጣ አንዲት፣
ኪራይ የማትከፍል፣ ክንፏን ስትስል የምታነጋ ሌሊት።
ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ አይሰማም፤ እንፋሎቱን አይቶ ነው የሚያወርደው።
ስጠራው አይዞርም፤ መምጣቴን በጥላዬ ነው የሚያውቀው።

በአሥራ አንድ ዓመቴ ጥሩምባውን ሲሰጠኝ አልመረቀኝም።
«ጎንበስ በይ» አለኝ። ጎነበስኩ። ከንፈሬን ግን አልነካኝም፤
ጆሮዬን ያዘ፣ ሊቆነጥጥ እንዳሰበ ሰው፣
በጣቶቹ መሃል ሰም አሙቆ፣
«ይሄ ይቅደም» አለ፣ «ከንፈር በኋላ የሚደርስ ነው።

ወደ ማዕዘን ዞረሽ አትንፊ፤ ግድግዳ አደራ አይበላም፣
የሰጠሽውን ከነወለዱ ይመልሳል፣ ቅንጣት አያስቀርም።»
ቁም ሳጥኑን ከፍቶ አቆመኝ ከካፖርቶቹ መሃል፦
የእሱ የጉድጓድ ጃኬት፤
እናቴ ኮቻባምባ ስትሄድ ያልወሰደችው ሱፍ፤
«ሱፍ ሐሜተኛ አይደለም፣ የሰማውን ይዞት ይቀራል።»
ናፍታሊን እየሸተተኝ፣ ድምፄ እጅጌ ውስጥ ገብቶ ሲያድር፣
ስንት ወር ነፋሁ! ዛሬም ብል ሲያነሱ ያ ዜማ ይመጣብኛል።

ማፈኛም ገዛልኝ፣ እንደ ጡጦ ክዳን ያለ፤
«ተጠንቀቂ፣ አታላይ ናት» አለ፣
«ድምፅሽን ስትሰርቅሽ፣ ሳይታወቅሽ ትገፊያለሽ፤
እሷ የወጣች ዕለት ጣራውን ታፈርሺያለሽ።
ሃያ ደቂቃ ነፍተሽ አሥር ዝም በይ፤ ዝምታውንም ቁጠሪው፣
የሙዚቃው ግማሽ እሱ ነው፤ እኔ ጨርሼዋለሁ፣ አንቺ ቆጥቢው።»

ከሁሉ የከበደኝ ቀስ ብሎ መንፋት ነበር።
መጮህማ ማን ያቅተዋል፤ ባቡርም ይጮሃል፣ የሰካራምም በር።
ነበልባልን ሳያጠፉ፣ በትንፋሽ ብቻ ማጎንበስ፣
ድምፅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ዶኛ ኔሜሲያ ዘንድ ሳይደርስ!

አንድ ማታ፣ ሐምሌ ነው፣ የባልዲው ውሃ ሲረጋ፣
አገኘኋት፤ ክር የምታህል፣ ሳትበጠስ የምትዘረጋ።
መጥረጊያው ዝም። ካፖርቶቹ ዝም። እስክጨርሳት ነፋሁ።
ዞሬም የአባቴን ፊት አየሁ።
«ምነው» አለኝ፣ «አልጀመርሽም?»

መልስ አልነበረኝም።

እጁን ይዤ ከናሱ ጀርባ ላይ አስቀመጥኩለት፣
ደግሜም ነፋሁለት።
ጥሩምባው እንደ ድመት ሆድ ተንቀጠቀጠ፤
ዓይኑን ጨፈነ፤ አውራ ጣቱ ምት ለመምታት አቆበቆበ፣ አመነታ፣ ተቀመጠ።

ያ ሁሉ ሰም፣ ያ ሁሉ ሱፍ፣
እሱ ለማይደርስበት ድምፅ ኖሯል፤
እንደ ወንዝ አሻጋሪ፣ ሰው አሻግሮ እንደሚቀር ካፋፍ።

ዘንድሮ ካርኒቫሉ ውስጥ ነበርኩ፣ ሦስተኛው ረድፍ ከዳር፣
ከኋላዬ ከበሮ፣ ከጎኔ አሥራ ሁለት ጥሩምባ፣ ሰማዩ እንደ ሸራ ሲተረተር።
ወንዶቹ ሳቁብኝ፤ «ሴቬሪና ጆሮዋን ደፈነች፤ ሙዚቀኛ ናት ወይስ መነኩሴ?»
እኔም ሳቅኩ፤ ከሰሙ ወዲህ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር እስትንፋሴ።

ሌሊት ቤት ገባን፣ እግራችን አብጦ።
ሰሙን አወጣሁ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣
«ምን ይሰማሻል?» አለኝ፣ ጆሮዬን እንደ መስኮት ተውሶ።
«ቆርቆሮው ሲበርድ ቀጭ ይላል። ሩቅ ውሻ።
የዶኛ ኔሜሲያ ማንኮራፋት፣ ግድግዳውን ጥሶ።»
«ሌላስ?»
«ሌላ... ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ እንዲህ ቀስ ብሎ።»
«ታዲያ ዝጊዋ! ውሃው በነፃ ነው?» አለ፣
ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ጠቅልሎ።